ስክሪኑ ሲዞር ንክኪው እንዳይስት፦ ካሊብሬሽንና ማዞር በተችስክሪን ድራይቨር ውስጥ

ስክሪኑን ወደ ጎን አዞራችሁት። ምስሉ አምሮበት ዞረ። «እሺ» የሚለውን ስትነኩ ግን የሚሠራው ሌላ ጥግ ላይ ያለው «ሰርዝ» ነው። የተችስክሪን ድራይቨር (ንክኪውን አንብቦ ለሶፍትዌሩ የሚያቀብል ፕሮግራም) ጽፎ ይህ ያልገጠመው ሰው ያለ አይመስለኝም። የተለመደው መድኃኒት ደግሞ ግምት ነው። ኤክስን ከዋይ ማቀያየር፣ አንዱ ቦታ ላይ የመቀነስ ምልክት መጨመር፣ እስኪሠራ መሞካከር። አንድ ቀን ይሠራል። ስክሪኑ በሌላ በኩል ሲዞር እንደገና ይበላሻል።

የጣጣው ምንጭ ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን አንድ ላይ መጨፍለቅ ነው። ካሊብሬሽን (ጥሬውን ንባብ ከፒክስል ጋር ማዛመድ) የመስታወቱ ጉዳይ ነው። ንክኪ የሚያነበው ፊልም ከስክሪኑ በላይ እንዴት እንደተለጠፈ ይነግረናል፤ ስክሪኑ ቢዞር ባይዞር አይለወጥም። ማዞር ደግሞ የሶፍትዌሩ ምርጫ ነው። በየደቂቃው ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ካሊብሬሽኑን ስክሪኑ ባልዞረበት አቀማመጥ አንዴ እንሠራዋለን። ማዞሩን ከዚያ በኋላ ለብቻው ባለ ፈንክሽን እንሠራዋለን። ቅደም ተከተሉ ሁልጊዜ ይህ ነው፦ ጥሬ ንባብ፣ ማጣራት፣ ካሊብሬሽን፣ ማዞር።

ለምሳሌ የምንይዘው በማይክሮኮንትሮለር ሥራ ላይ በብዛት የሚታየውን ባለ 2.8 ኢንች ስክሪን ነው። ስፋቱ 240፣ ቁመቱ 320 ፒክስል ነው። ምስሉን አይኤልአይ9341 ቺፕ ይቆጣጠራል፤ ንክኪውን ኤክስፒቲ2046 ያነባል። ኤክስፒቲ2046 የሚቀበለው ትእዛዝ ከቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ኤዲኤስ7846 ጋር አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ እዚህ ያለው በዚያም ይሠራል።

ደረጃ 1፦ ጥሬውን ንባብ ማምጣት

ይህ ስክሪን ሬዚስቲቭ ነው። ሁለት አስተላላፊ ንጣፎች አሉት። ስትጫኑት ይነካካሉ። ቺፑ በአንደኛው ንጣፍ ላይ ቮልቴጅ ያስቀምጥና በሌላኛው በኩል ያነባል፤ ከዚያ ሁለቱን ያቀያይራል። ውጤቱ ባለ 12 ቢት ቁጥር ነው፣ ከ0 እስከ 4095። ይህ ቁጥር ፒክስል አይደለም። ሚሊሜትርም አይደለም። የቮልቴጅ ድርሻ ነው።

በኤስፒአይ (ቺፖች በሚነጋገሩበት መስመር) የምትልኩት የትእዛዝ ባይት በባይነሪ ለኤክስ 1101 0000፣ ለዋይ 1001 0000 ነው። ከዚያ 16 ቢት ታነባላችሁ፤ ወደ ቀኝ በ3 ቢት ትገፉታላችሁ። የሚቀረው 12 ቢት ንባቡ ነው።

ፍጥነቱ ላይ ተጠንቀቁ። ኤክስፒቲ2046 በ2 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ይረጋጋል። የስክሪኑ ቺፕ ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ በሚፈጥን ሰዓት (ክሎክ) ነው የሚነዳው። ሁለቱ አንድ ኤስፒአይ መስመር የሚጋሩ ከሆነ በየተራው ፍጥነቱን መቀየር አለባችሁ። ይህን የረሳ ሰው ንባቡ ሲዘባርቅበት ካሊብሬሽኑን ይጠረጥራል፤ ጥፋቱ ግን የሰዓቱ ነው።

የንክኪ ኢንተራፕቱን (ፕሮሰሰሩን ሥራውን አቋርጦ እንዲያይ የሚጠራውን) ፒን ተጠቀሙበት። ሲነካ ዝቅ ይላል። ኢንተራፕቱ ውስጥ ግን ኤስፒአይ አታንብቡ፤ ስክሪኑ ላይ ምስል እየተላከ መሃል ልትገቡ ትችላላችሁ። ባንዲራ («ተነክቷል» የሚል ተለዋዋጭ) ብቻ አንሡ፣ ንባቡን ዋናው ሉፕ ይሥራው። ሌላም አለ። ቺፑ ራሱ በሚለካበት ጊዜ ይኸው ፒን ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ በንባብ ወቅት ኢንተራፕቱን ዝጉት፤ ስትጨርሱ የተጠራቀመውን አጥፍታችሁ ክፈቱት። የመጨረሻው ትእዛዝ ሁለቱ ዝቅተኛ ቢቶች 00 መሆን አለባቸው፣ አለዚያ ፒኑ ቀጣዩን ንክኪ አይነግራችሁም።

ደረጃ 2፦ ማጣራት

ጥሬው ንባብ ይዘላል። ጣት ሲያርፍና ሲነሣ ደግሞ ይብሳል። እኔ የምመርጠው እንዲህ ነው። ከኤክስ ወደ ዋይ በተዛወራችሁ ቁጥር የመጀመሪያውን ንባብ ጣሉት፤ ቮልቴጁ ገና አልተረጋጋም። ከዚያ አምስት ንባብ ውሰዱ፤ ደርድሯቸው፤ መሃለኛውን ያዙ። አማካይ ከመውሰድ ይሻላል፣ ምክንያቱም አንድ የባዘነ ንባብ አማካዩን ይጎትተዋል፤ መሃለኛውን ግን አይነካውም።

የግፊቱን ልክም ማንበብ ትችላላችሁ። ትእዛዙ 1011 0000 ነው። ንባቡ ዜሮ ከተጠጋ ማንም አልነካም ማለት ነው። ቀለል ያለ ንክኪ የሚያመጣው ንባብ የማይታመን ስለሆነ ዝቅተኛ ወሰን አበጁለት፤ ከወሰኑ በታች ያለውን ዝም ብላችሁ እለፉት። የወሰኑን ቁጥር ከሌላ ሰው ኮድ አትቅዱ። የራሳችሁን ስክሪን በስታይለስም በጣትም እየነካችሁ ንባቡን አትሙና ወስኑ።

ደረጃ 3፦ ሦስት ነጥብ

ብዙ ሰው የሚሠራው ካሊብሬሽን ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ንባብ ይዞ በመሃል ማከፋፈል ነው። ፊልሙ ቀጥ ብሎ ከተለጠፈ ይበቃል። ርካሽ ስክሪን ላይ ግን ፊልሙ ትንሽ ዘመም ይላል። ያኔ ወደ ታች በወረዳችሁ ቁጥር ንክኪው ወደ ጎን ይሸሻል። አሥር ቁልፍ በአንድ ረድፍ የያዘ የአማርኛ ኪቦርድ በ240 ፒክስል ላይ ብትሠሩ ለእያንዳንዱ ፊደል የሚደርሰው 24 ፒክስል ነው። ጥቂት ፒክስል ሲሸሽ «ሰ» ያላችሁት «ሸ» ሆኖ ይወጣል።

መዘመሙን፣ መለጠጡንና መሸሹን አንድ ላይ የሚያርሙት ስድስት ቁጥሮች ናቸው። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ እንበላቸው። ጥሬውን ንባብ ጥኤ እና ጥዋ፣ የስክሪኑን ፒክስል ስኤ እና ስዋ ብለን እንጥራ።

ስኤ = ሀ×ጥኤ + ለ×ጥዋ + ሐ
ስዋ = መ×ጥኤ + ሠ×ጥዋ + ረ

ስድስት የማይታወቅ ነገር አለን። እያንዳንዱ የተነካ ነጥብ ሁለት እኩልታ ይሰጣል። ስለዚህ ሦስት ነጥብ ይበቃል።

ነጥቦቹ በአንድ መስመር ላይ መሆን የለባቸውም። ጠርዝ ላይም አታስጠጓቸው፤ እዚያ ንባቡ ይጣመማል። ከጠርዙ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት በመቶ ገባ በሉ። ለ240 በ320 እነዚህን እጠቀማለሁ፦ (36፣ 48)፣ (204፣ 160)፣ (120፣ 272)።

የካሊብሬሽኑ ገጽ ሁልጊዜ ባልዞረው አቀማመጥ ይሣል። አፕሊኬሽናችሁ በጎን ቢሆንም ለዚህ ገጽ ወደ ዜሮ መልሱት። ነጥቡን በመስቀል ምልክት ሣሉ፤ በስታይለስ ይነካ፤ በጣት አይሁን። ንባቡን ሰው ተጭኖ ሳለ ሰብስቡ፤ ጣት ያረፈበትንና የተነሣበትን ጫፍ ግን ቁረጡ። የምታነቡት ጥሬውን መሆኑንም አረጋግጡ። በአሮጌው ካሊብሬሽን ያለፈ ቁጥር ላይ አዲስ ካሊብሬሽን መሥራት በተለምዶ የሚታይ ስሕተት ነው።

ደረጃ 4፦ ስሌቱ

ከስሞቹ በኋላ የሚመጡት 0፣ 1 እና 2 የሦስቱ ነጥቦች ተራ ቁጥር ናቸው። መጀመሪያ ማካፈያውን እናግኝ፣ ካ እንበለው።

ካ = (ጥኤ0 − ጥኤ2)×(ጥዋ1 − ጥዋ2) − (ጥኤ1 − ጥኤ2)×(ጥዋ0 − ጥዋ2)

ሀ = [(ስኤ0 − ስኤ2)×(ጥዋ1 − ጥዋ2) − (ስኤ1 − ስኤ2)×(ጥዋ0 − ጥዋ2)] ÷ ካ

ለ = [(ጥኤ0 − ጥኤ2)×(ስኤ1 − ስኤ2) − (ስኤ0 − ስኤ2)×(ጥኤ1 − ጥኤ2)] ÷ ካ

ሐ = ስኤ0 − ሀ×ጥኤ0 − ለ×ጥዋ0

መ፣ ሠ እና ረ በዚሁ መንገድ ይገኛሉ፤ ስኤ በነበረበት ቦታ ሁሉ ስዋ ብቻ አስገቡ። ካ አይለወጥም።

በቁጥር እንየው። ሦስቱ ነጥቦች ሲነኩ (800፣ 900)፣ (3200፣ 2100) እና (2000፣ 3300) ተነበቡ እንበል። ካ 4,320,000 ይሆናል። የሀ የላይኛው ክፍል 302,400 ነው፤ ሀ 0.07 ወጣ። ለ ዜሮ ሆነ። ሐ 36 − 56፣ ማለትም −20 ነው። በሌላው በኩል መ ዜሮ፣ ሠ 0.0933 ገደማ፣ ረ −36 ይሆናሉ። ለ እና መ ዜሮ የሆኑት ቁጥሮቹን ያልዘመመ ፊልም እንዲመስሉ ስለመረጥኳቸው ነው። እውነተኛ ስክሪን ላይ ትንንሽ ቁጥር ታያላችሁ፤ አትደንግጡ። አሁን (2000፣ 2100) ቢነበብ ስኤ 140 − 20 = 120፣ ስዋ 196 − 36 = 160 ይሆናል። የስክሪኑ መሃል ነው።

ካ ዜሮ ወይም ወደ ዜሮ የተጠጋ ከሆነ ውጤቱን ጣሉት። ተጠቃሚው አንዱን ቦታ ደጋግሞ ነክቶታል፣ ወይም ንክኪዎቹ በአንድ መስመር ላይ ወድቀዋል ማለት ነው። ከዚህ ሌላ አራተኛ ነጥብ ሣሉና ለማረጋገጫ ብቻ ተጠቀሙበት። ከ4 ወይም 5 ፒክስል በላይ ከሳተ ከመጀመሪያው አስጀምሩት።

ደረጃ 5፦ በሙሉ ቁጥር ማስላትና ማስቀመጥ

ማይክሮኮንትሮለሩ የፍሎቲንግ ፖይንት (አስርዮሽ የሚያሰላ) ሃርድዌር ከሌለው በየንክኪው አስርዮሽ ማባዛት ብክነት ነው። ስድስቱንም ቁጥሮች በ65536 አባዙና እንደ ሙሉ ቁጥር ያዟቸው። 0.07 ወደ 4588፣ ሠ ወደ 6117 ይቀየራል። ንክኪ ሲመጣ አባዙ፣ ደምሩ፣ 32768 ጨምሩ፣ ወደ ቀኝ 16 ቢት ግፉ። 32768ቱ ለማጠጋጋት ነው፤ ባትጨምሩት ሁሉም ነገር በግማሽ ፒክስል ወደ አንድ ጎን ያጋድላል።

ባለ 32 ቢት ቁጥር ለየንክኪው ስሌት ይበቃል። ካሊብሬሽኑን ስታሰሉ ግን አይበቃም። የላይኛው ክፍል በ65536 ሲባዛ ሞልቶ ይፈሳል፤ ያለ ማስጠንቀቂያ የማይረባ ቁጥር ይሰጣችኋል። እዚያ ላይ ባለ 64 ቢት ተጠቀሙ። አንዴ ብቻ ስለሚሰላ ፍጥነቱ አያሳስብም።

ስድስቱን ቁጥሮች ፍላሽ ላይ ስታስቀምጡ አንድ መለያ ቁጥርና ቼክሰም (ቁጥሮቹ አለመበላሸታቸውን የሚያሳይ ድምር) አብራችሁ አስቀምጡ። ስትነሡ ካልገጠመ ካሊብሬሽኑ እንደ አዲስ ይጠየቅ።

አሁን ብዙ ምርት ላይ የማየው ጉድለት፦ ካሊብሬሽኑ ከተበላሸ ተጠቃሚው «ካሊብሬት» የሚለውን ምናሌ በምን ይንካው? መውጫ አበጁለት። መሣሪያው ሲነሣ ስክሪኑ የትም ቦታ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ ከተያዘ የካሊብሬሽኑ ገጽ ይከፈት። ይህ የሚያስፈልገው መነካቱን ማወቅ ብቻ ነው፤ የት እንደተነካ ማወቅ አያሻም። ስለዚህ የፈለገው ቢበላሽ ይሠራል።

ደረጃ 6፦ ማዞር

ምስሉን የምታዞሩት በአይኤልአይ9341 የሜሞሪ አቅጣጫ መዝገብ ነው፤ ትእዛዙ ሄክስ 36። ለማዞር የሚያገለግሉ ሦስት ቢቶች አሉት፦ አንዱ ረድፍን ይገለብጣል፣ አንዱ ዓምድን ይገለብጣል፣ ሦስተኛው ረድፍና ዓምድን ያቀያይራል። የተለመዱት አራት ዋጋዎች በባይነሪ ለዜሮ ዲግሪ 0100 1000፣ ለ90 0010 1000፣ ለ180 1000 1000፣ ለ270 1110 1000 ናቸው። በሁሉም ላይ በርቶ የሚቀረው አራተኛው ቢት ከቀኝ የቀለም ቅደም ተከተል ነው፤ ማዞር ስትጽፉ አብራችሁ ካጠፋችሁት ቀዩ ሰማያዊ ይሆናል።

ይህ መዝገብ የሚነግረው ፒክስሎች ሜሞሪ ውስጥ የት እንደሚገቡ ብቻ ነው። ኤክስፒቲ2046 ስለዚህ ወሬውም የለውም። የሱን ድርሻ እናንተ ትሠራላችሁ።

ከካሊብሬሽን የወጣውን ስኤ ከ0 እስከ 239፣ ስዋን ከ0 እስከ 319 ባለው ውስጥ ገድቡ። ጠርዝ ላይ −2 ወይም 241 መውጣቱ ያለ ነው። ከዚያ ምስሉ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ የዞረበትን መጠን ይዛችሁ፦

0 ዲግሪ፦ ኤክስ = ስኤ፣ ዋይ = ስዋ
90 ዲግሪ፦ ኤክስ = ስዋ፣ ዋይ = 239 − ስኤ
180 ዲግሪ፦ ኤክስ = 239 − ስኤ፣ ዋይ = 319 − ስዋ
270 ዲግሪ፦ ኤክስ = 319 − ስዋ፣ ዋይ = ስኤ

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው 240 − ስኤ ብሎ መጻፍ ነው። ስኤ ዜሮ ሲሆን 240 ይወጣል፤ እንዲህ ያለ ፒክስል የለም። ሁለተኛው የዞረውን ስፋት መጠቀም ነው። ስክሪኑ በጎን ሲሆን የግራፊክስ ላይብረሪው ስፋቱ 320 ነው ይላችኋል። እናንተ ግን የምትገለብጡት ባልዞረው ልክ ስለሆነ 239 እና 319 ቋሚ ናቸው። «ስፋት» የሚባለውን ተለዋዋጭ ከላይብረሪው አትውሰዱ። የድራይቨሩን የራሱን ቋሚ ቁጥር ጻፉ።

ሰው ጣቱን ሳያነሣ ስክሪኑ ቢዞርስ? መነካቱ በአንደኛው አቀማመጥ ተልኳል፤ መነሣቱ በሌላው ይደርሳል። አፕሊኬሽኑ ከጥግ ወደ ጥግ የተጎተተ ጣት ያየ ይመስለዋል። ስለዚህ አቀማመጡን ከመቀየራችሁ በፊት «ተነሥቷል» የሚል መልእክት በድሮው ኮኦርዲኔት ላኩ። ከዚያ ቀይሩ። ጣቱ በእርግጥ እስኪነሣ ድረስም አዲስ ንክኪ አትቀበሉ። የማዞሪያውን ዋጋ ደግሞ በአንድ ንክኪ ውስጥ አንዴ ብቻ አንብባችሁ ያዙት። ሌላ ታስክ (ጎን ለጎን የሚሠራ የፕሮግራም ክፍል) መሃል ላይ ሊቀይረው ይችላል፤ ኤክስ በ90፣ ዋይ በ180 የተሰላ ንክኪ ይመጣባችኋል። እንዲህ ያለውን ስሕተት መልሶ ማግኘት ዕድሜ ይፈጃል።

ደረጃ 7፦ ፈትሹ

አራቱም አቀማመጥ ላይ አራት ጥግና መሃሉን ንኩ፤ የተነካበት ቦታ ላይ ነጥብ ይሣል። ከዚያ ከጥግ ወደ ጥግ መስመር ጎትቱ። ጥፋቱ የት እንዳለ ራሱ ይናገራል።

ሁሉም ነጥብ በእኩል መጠን ወደ አንድ ጎን ከሸሸ ሐ ወይም ረ ላይ ነው። መሃሉ ልክ ሆኖ ወደ ጠርዝ ሲሄድ ከባሰ የመለጠጡ ቁጥር፣ ሀ ወይም ሠ ነው። በዜሮ ዲግሪ ልክ ሆኖ ሌላው ላይ ከተበላሸ ካሊብሬሽኑን አትንኩት፤ ማዞሩ ውስጥ ፈልጉ። በ90 እና በ270 ብቻ ተገላብጦ ከመጣ ሁለቱን አቀያይራችሁ ጽፋችኋል። ወደ ቀኝ ስትጎትቱ ነጥቡ ወደ ታች ከወረደ ኤክስና ዋይ አልተቀያየሩም፣ ወይም ሁለት ጊዜ ተቀያይረዋል። መስመሩ ቦታውን ይዞ ከተንቀጠቀጠ ደግሞ የማጣራት ችግር ነው፤ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ።

ስክሪኑ ካፓሲቲቭ ከሆነ

ካፓሲቲቭ ስክሪን የሚያነበው ግፊትን ሳይሆን የጣትን ኤሌክትሪካዊ ተጽዕኖ ነው። ጂቲ911 ወይም ኤፍቲ6236 ዓይነት ኮንትሮለር ካላችሁ ከደረጃ 3 እስከ 5 ያለውን ዝለሉት። ቺፑ ኮኦርዲኔቱን አስልቶ በአይስኩዌርሲ (በሌላ ዓይነት የቺፕ መነጋገሪያ መስመር) ይሰጣችኋል። ማዞሩ ግን እንዳለ ይቀራል። መጀመሪያ ባልዞረው አቀማመጥ ዜሮው የት ጥግ ላይ እንዳለ በጣታችሁ አረጋግጡ፤ ስክሪን ሠሪው ፓነሉን ገልብጦ ለጥፎት ሊሆን ይችላል።

ሊኑክስ ላይ

ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ውስጥ ይህን ሁሉ ራሳችሁ መጻፍ የለባችሁም። በዲቫይስ ትሪው (ሃርድዌሩን ለከርነሉ በሚገልጸው ፋይል) ላይ «ተችስክሪን-ኢንቨርትድ-ኤክስ»፣ «ተችስክሪን-ኢንቨርትድ-ዋይ» እና «ተችስክሪን-ስዋፕድ-ኤክስ-ዋይ» የሚባሉ ንብረቶች አሉ። ድራይቨራችሁ የከርነሉን የጋራ ፈንክሽኖች ከጠራ ራሳቸው ይተገብሯቸዋል። ሰው የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው፦ መጀመሪያ ይገለበጣል፣ ከዚያ ይቀያየራል። ስለዚህ ከላይ ያለው 90 ዲግሪ ማለት ኤክስን መገልበጥና ማቀያየር ነው። 270 ደግሞ ዋይን መገልበጥና ማቀያየር። እነዚህ ንብረቶች ፓነሉ እንዴት እንደተገጠመ ለመግለጽ ናቸው። ተጠቃሚው በየጊዜው ለሚያዞረው አይሆኑም።

ከዚያ በላይ ያለው በሊብኢንፑት (የንክኪና የመሳሰሉትን መልእክቶች የሚያስተናግድ ላይብረሪ) ነው። ባለ ስድስት ቁጥር ማትሪክስ ይቀበላል፤ ስድስቱ ቁጥሮች የኛው ከሀ እስከ ረ ናቸው። ልዩነቱ ኮኦርዲኔቱ ከ0 እስከ 1 ባለው መለኪያ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ በ239 ፈንታ 1 ይገባል። ምስሉ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ 90 ሲዞር 0 1 0 −1 0 1 ነው። ለ180 −1 0 1 0 −1 1፣ ለ270 0 −1 1 1 0 0። ዩዴቭ (ሊኑክስ መሣሪያ ሲሰካ የሚያዋቅርበት) ሕግ ውስጥ አስገብታችሁ መሣሪያውን ነቅላችሁ ሰኩት፣ ወይም አስነሡት።

ዌይላንድ (የሊኑክስ የማሳያ ሥርዓት) ላይ ከሆናችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ፈትሹ። ንክኪው ከስክሪኑ ጋር ከተያያዘ ኮምፖዚተሩ (መስኮቶቹን አቀናብሮ ስክሪን ላይ የሚያሳየው ፕሮግራም) ምስሉን ሲያዞር ንክኪውንም አብሮ ያዞረዋል። በዚያ ላይ ማትሪክስ ከጨመራችሁ ሁለት ጊዜ ይዞራል። ማትሪክሱን ወደ 1 0 0 0 1 0 መልሱና ስክሪኑን አዙራችሁ አራቱን ጥግ ንኩ። ልክ ከሆነ ምንም አትጨምሩ።